ማሽኑን መግዛት አንድ ነገር፣ አብሮት መተኛት ሌላ

ደባርቅ ላይ አንድ ሰው ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ቢያድር ጠዋት ይቀለድበታል እንጂ ሐኪም ዘንድ ሂድ አይባልም። ማንኮራፋት የድካም፣ ሲልም የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ታፍኖ ባንኖ ከተነሳም «ዱካክ ነው የተጫነኝ» ብሎ ያልፈዋል።

አንዳንዱ ማንኮራፋት ግን ሌላ ነው። ድምፁ ድንገት ጸጥ ይላል። ለአሥር ሰከንድ፣ አንዳንዴም ለግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ትንፋሽ የለም። ከዚያ ሰውየው ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር ይስባል። ምክንያቱ በእንቅልፍ የላላው የጉሮሮ ሥጋ የአየሩን መንገድ መዝጋቱ ነው። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። የትንፋሹ መቆም ወይም መቀነስ በሰዓት 5 ጊዜ ከደረሰ ችግር አለ ይባላል፤ 30 ከሞላ ከባድ ነው።

አደጋው እስከ የት ይደርሳል? አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እናስብ። ደባርቅ አድሮ በማለዳ ሊማሊሞን ቁልቁል ወደ ድብ ባሕር ሊወርድ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቷል፤ እንቅልፉ ግን በየሁለት ደቂቃው ሲቆራረጥ ነው ያደረው። እሱ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው መሪ እንደያዘ ዓይኑ መክበዱን ብቻ ነው። ሊማሊሞ ደግሞ ጥምዝምዙ ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ለአፍታ ማሸለብ ይበቃል።

መፍትሔው ከመጣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሲድኒ ውስጥ በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ መሣሪያ በአንድ ታካሚ ላይ ሞከረ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሌላ አማራጭ አንገትን በስቶ ቱቦ ማስገባት ነበር። የአምስት ታካሚዎች ውጤት በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። ዛሬ ሲፓፕ የሚባለው ማሽን ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ትምህርቴ ትዝ ይለኛል። ሲፓፕ ክፍያው ዛሬ ማታ፣ ጥቅሙ ግን ቀስ እያለ የሚመጣ ዕቃ ነው። ማስኩ ፊት ይጫናል፣ አፍንጫ ይደርቃል፣ አየሩ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ብዙ ሰው ሁለት ሌሊት ሞክሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሴቭ የተባለው ትልቅ ጥናት የልብ ወይም የአንጎል የደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 2,717 የአፕኒያ ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። ማሽን የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ የተጠቀሙበት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነው። የቀን ድብታቸው ቀነሰ፣ ስሜታቸውም ተሻሻለ፤ በልብ ድካምና በስትሮክ በኩል ግን ልዩነት አልታየም። ብዙ ባለሙያዎች የአጠቃቀሙን ማጠር እንደ አንድ ምክንያት ያነሳሉ። የአሜሪካው የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬርም ታካሚው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢያንስ ለ30 ተከታታይ ቀናት፣ ከሌሊቶቹ በ70 በመቶው 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀሙን ሳያይ ክፍያውን አይቀጥልም። ሕክምናው መልመዱ ነው። የመጀመሪያው ወር ካልተያዘ የወጣው ብር ሁሉ ባከነ ማለት ነው።

በእኛ አገር መጀመሪያ የሚመጣው ፍርሃቱ ነው። «የመተንፈሻ ማሽን» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የኮሮናን ጊዜ፣ ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ነው። ሲፓፕ ያ አይደለም። የሚተነፍሰው ሰውየው ራሱ ነው፤ ማሽኑ በሩን ከፍቶ ይይዝለታል። መብራት ቢጠፋ ታፍኜ እሞታለሁ የሚል ስጋትም አለ። የአፍንጫ ማስክ ያደረገ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። አፍንጫና አፍን የሚሸፍኑት ማስኮች ደግሞ ማሽኑ ሲቆም የውጭ አየር የሚያስገባ ክዳን አላቸው። ፍርሃቱን ለማላቀቅ ማስኩን ቀን ላይ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሬዲዮ እያዳመጡ ለግማሽ ሰዓት ማድረግ ይረዳል። ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምረውን ማስተካከያም መክፈት ነው።

ቀጥሎ ብርዱ አለ። ደባርቅ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ እስከ አናት ተከናንቦ መተኛት የተለመደ ነው። ማሽኑ ግን አየር የሚስበው ከክፍሉ ስለሆነ ብርድ ልብስ ሥር መግባት የለበትም፤ የማስኩ መተንፈሻ ቀዳዳም አይሸፈንም። ከማርጠቢያው የሚወጣው እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ውሃ ሆኖ ፊት ላይ ሊንጠባጠብ ይችላል፤ ቱቦውን ብቻ በጨርቅ መጠቅለል ይበጃል። ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ማጣሪያው አቧራ ይይዛል እንጂ የከሰሉን መርዘኛ ጋዝ አያስቀርም። ፊትን ቫዝሊን ተቀብቶ መተኛትም ማስኩን ያንሸራትተዋል፣ አየሩም ያፈተልካል።

ከሁሉም ግን እኛ አካባቢ የተለየው ከፍታው ነው። እነ ሲንቲያ ቢል እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደም ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖሩት ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኝቷል። ደስ ይላል። ሆኖም ጉሮሮ ሲዘጋ ደገኛነት አያድንም። ማሽኑ ደግሞ ደገኛ አይደለም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ያንኑ ግፊት ለመስጠት የማሽኑ ሞተር በፍጥነት መዞር አለበት። አዳዲሶቹ ማሽኖች ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አንዳንድ አሮጌዎቹ ግን ከፍታው በእጅ ይሞላላቸዋል። ያ ሹፌር ዛሬ ደባርቅ፣ ነገ ቆላ ቢያድር በየቦታው መቀየር ሊኖርበት ነው። አዳዲሶቹም ቢሆኑ ወሰን አላቸው። ኤርሴንስ 10 የተባለው የታወቀ ማሽን እስከ 2,591 ሜትር፣ ተከታዩ ኤርሴንስ 11 እስከ 3,010 ሜትር እንዲሠሩ ነው የተመደቡት። በአንዱና በሌላው መካከል ደባርቅ አለች። ከመግዛት በፊት መመሪያው ላይ ከፍታን የሚመለከተውን መስመር ማንበብ የሻጩ ሳይሆን የገዢው ሥራ ነው።

ውጭ ያለ ዘመድ የተጠቀመበትን ማሽን ሊልክ ይችላል። መልካም ነው፤ ግን ሞዴሉ ይጠየቅ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ውስጣቸው ያለው ድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየተበጣጠሰ ከአየሩ ጋር ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው። የተላከ ማሽን ግፊቱ የተሞላው ለላኪው ነው። ለተቀባዩ የሚስማማውን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። ለመብራት መጥፋት ከማሽኑ ጋር የሚስማማ ባትሪ ያስፈልጋል። የሚያሞቀው ማርጠቢያ ሲጠፋ የሚበላው ኃይል በጣም ስለሚቀንስ ባትሪው ይቆያል። ማርጠቢያው ውስጥ የሚገባው የተጣራ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ፈልቶ የቀዘቀዘ ከቧንቧ ውሃ ይሻላል። በየጠዋቱም የተረፈው ይደፋል።

ይህን ሁሉ ብቻውን የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። በሽታውንም ሆነ ለውጡን መጀመሪያ የሚሰማው አጠገብ የሚተኛው ነው። የቤት ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ያንኮራፋል» ብቻ ሳይሆን «ትንፋሹ ይቆማል» ይበል፣ በስልኩም ይቅረጸው። ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላም «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» እያሉ ከመሳቅ፣ ሌሊት የወለቀውን ማስክ መልሶ ማድረግ፣ ጠዋት «ስንት ሰዓት ቆየህ?» ብሎ መጠየቅ። የመጀመሪያው ሌሊት አንድ ሰዓት ቢሆን አንድ ሰዓት ነው። በሳምንቱ ሁለት ይሆናል። አራት ሰዓት ሲደርስ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ የሚያሸልብ አንድ ሹፌር ቀነሰ ማለት ነው፤ ከኋላው ለተጫኑትም፣ ከፊቱ ለሚመጡትም።