ወደ አገር ቤት ረጅም በረራ፦ ለእግርዎና ለመድኃኒትዎ አስቀድመው ይዘጋጁ

ይህ መረጃ ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዙ፣ በተለይም በየቀኑ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

ጉዞው ምን ያህል ይረዝማል?

ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው ርቀት በግምት 11,500 ኪሎ ሜትር (7,200 ማይል ገደማ) ነው። ቀጥታ በረራው ሲሄዱ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሲመለሱ ግን ይረዝማል። አንደኛ፣ ነፋሱ ከፊት ይመጣል። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ ለመነሳት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ሌላ ከተማ ላይ አውሮፕላን ከቀየሩ ደግሞ ጉዞው ከ20 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

የእግር ደም መርጋት

ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያሰጋል። አደጋው የሚጨምረው፦
• ከዚህ በፊት ደም ረግቶባቸው ለሚያውቁ
• በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ
• ለነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ ለወለዱ
• ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ለሚወስዱ
• ለካንሰር ታማሚዎች

በበረራው ላይ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው ይራመዱ። ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ውኃ ይጠጡ። እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ካልሲ ያስፈልግዎ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። አስፕሪን በራስዎ ውሳኔ አይውሰዱ።

መድኃኒትዎን በሰዓት ልዩነት አይሳሳቱ

አዲስ አበባ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ድረስ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት። ለምሳሌ በበጋ፣ በጁላይ ወር፣ እዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ኪኒን ከዋጡ፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በማግስቱ እዚያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቢደግሙ ያለፈው 17 ሰዓት ብቻ ነው እንጂ 24 አይደለም።

• ከመጓዝዎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ የመውሰጃ ሰዓቱን በጽሑፍ ይቀበሉ።
• ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መጠኑን በራስዎ አይለውጡ። ሲሄዱ ቀኑ ያጥራል፣ ሲመለሱ ይረዝማል፤ መጠኑ በዚያው ልክ መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።
• ኢንሱሊንና ሌላ መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በጭነት ክፍል ኢንሱሊን ሊበርድና ሊበላሽ ይችላል።
• ብልቃጡ ላይ “8” ተብሎ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። መድኃኒት የሚሰጥዎ ዘመድ እንዳይሳሳት “ጠዋት” ወይም “ማታ” ብለው በአማርኛ ይጻፉበት።

ወዲያውኑ እርዳታ ይፈልጉ

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ፣ ከጋለ ወይም ከቀላ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ደም ማሳል ወይም ራስን መሳት ካለ እዚህ 911 ይደውሉ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። ምልክቱ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ረጅም በረራ ማድረግዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወደ ክሊኒክ ሲደውሉ “አማርኛ” ይበሉ፤ አስተርጓሚ በነጻ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ።