ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ቤት

በጋሞ ደጋ ካለችው ዶርዜ የደረሰ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ሁልጊዜ ረጅሙን ቤት ነው። ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ወርዶ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት እንደጨረሰ፣ ብርዱን ሳይለምደው ካሜራውን ያወጣና 12 ሜትር ገደማ ሽቅብ የተመዘዘውን ቤት ያነሳል። አጠገቡ ያለችውን፣ ክዳኗ በጭስ የጠቆረ፣ በሯ ወገብ የምታክል አጭር ቤት አያያትም። ጎተራ ትመስለዋለች። የግቢው አንጋፋ እሷ መሆኗን የሚነግረውም የለም።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም፤ ለጋሞ ሰው የታወቀ ነውና። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከታች እስከ ጫፍ ይጠለፋል፤ በላዩ የቀርከሃ ልጣጭና የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። መሐል ላይ ምሰሶ የለም። ቤቱን የሚያቆመው ጥልፉ ራሱ ነው።

ስለ ዝሆኑ ግን ዝም ማለት አልችልም። አስጎብኚዎቻችን ወሬውን ሁሉ «የዝሆን ራስ አምሳያ ነው» ብለው ይዘጉታል። መምሰሉን አልክድም። ነገር ግን ኩምቢ የተባለው ሰው ዝናብ ሳይመታው የሚቀመጥበት ደጃፍ ነው፤ ዓይን የተባሉትም ብርሃን የሚገባባቸው፣ ጭስ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። በ1960ዎቹ ዶርዜ ውስጥ ኖሮ ያጠናው ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር፣ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ጾምም ይጾማል ሲባል መስማቱን ጽፏል። ይህን የሚለው የዶርዜ ሰው ግን ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቱን ከነብር መጠበቁን አይተውም። ዶርዜ የእንስሳ ጨዋታ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን።

የሚገርመው ምስሉ ሳይሆን ቁመቱ ነው። የቀርከሃው እግር አፈር ውስጥ ይተከላል። ምስጥና እርጥበት ከሥሩ ይጀምሩታል። ሌላ አገር ቢሆን ቤቱ ተጎዳ ተብሎ ይፈርስ ነበር። እዚህ የተበላው ይቆረጥና የቀረው ዝቅ ብሎ እንደገና ይቆማል። ከዓመታት በኋላ ምስጡ ተመልሶ ይመጣል፤ ቤቱም ተመልሶ ይቆረጣል። አንድ ቤት በዚህ መንገድ 60፣ ሲበረታም 80 ዓመት እንደሚያገለግል ይነገራል። መጀመሪያውኑ ያን ያህል አስረዝሞ መሥራት ለዚህ ይጠቅማል፤ ለምስጥ የሚሰጠው ድርሻ ከወዲሁ ታስቦለታል። ስለዚህ ዶርዜ ውስጥ የቤት ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ሰው አጭሩን ይፈልግ።

አንዲት እናት ከእንዲህ ዓይነቷ ቤት ደጃፍ ጥጥ ሲፈትሉ አግኝቼ፣ «እማማ፣ በሩን ለምን እንዲህ ዝቅ አድርጋችሁ ሠራችሁት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማን ሠራው ልጄ? እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባበት ቀና ብዬ ነበር የገባሁት» አሉኝና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

ቤቱ ከማጠርም አልፎ ይሄዳል። ቦታው ሲጎዳ ወይም ባለቤቱ መኖሪያውን ማዛወር ሲፈልግ ጎረቤት ይጠራል። ሰዎች ዙሪያውን ከበው ከመሬት ያነሱትና ሳይፈርስ እንደቆመ ተሸክመው አዲስ ቦታ ያሳርፉታል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ የሚለው በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘውንና ካልፈረሰ በቀር ከቦታው የማይነሳውን ነው። የዶርዜ ቤት መሠረት የለውም፤ ሳይፈርስም ይነሳል። የትኛው መዝገብ ላይ እንደሚያሰፍሩት ባለሙያዎቹ ይጨነቁበት። መቼስ በዚህ አገር የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማም ቢሆን በ1950ዎቹ ከጨንቻ ተነስቶ አርባ ምንጭ ወርዷል፤ ሴቻ የመሥሪያ ቤት ሰፈር የሆነችውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ወንድ ልጅ ሲያገባ በወላጆቹ ቤት አጠገብ ትንሽ የሙሽሮች ጎጆ ይሠራለታል። ጋሞዎች ባይራ የሚሉት በኩር ልጅ የአባቱን ስፍራ ይወርሳል፤ ታናናሾቹ የየራሳቸውን ይተክላሉ፤ ብዙዎቹም አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሄደው ሸማ ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ ግቢ ገብቶ፣ የሙሽሮቹን ጎጆ ትቶ፣ ቤቶቹን ከአጭር ወደ ረጅም የተመለከተ ሰው ማን ከማን በፊት ጎጆ እንደወጣ መገመት ይችላል። ከእንሰቱ ጀርባ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ካየም፣ ሽሮ ሜዳ ያለው ልጅ ገንዘብ ልኳል ማለት ሊሆን ይችላል። በቆርቆሮው አልፈርድም፤ ጥልፉን የሚችል እጅ ሸማው ላይ ከዋለ ቤቱን ማን ይጥለፍ?

የምፈርደው በሎጅ ሠሪዎቹ ነው። ከ2500 ሜትር በላይ ለሆነ ደጋ የተበጀን ቤት 1300 ሜትር እንኳ ወደማይሞላው ቆላ አውርደው፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ያፈሱና ምድጃውን ያወጣሉ። የእንግዳው አልጋ ልብስ ጭስ ጭስ እንዳይል ነው አሉ። ባለቤቶቹ ግን በየቀኑ እሳት የሚያነዱት ለቆጮው ብቻ አይደለም። ከብቱም ሰውም የሚያድረው አንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ የምድጃው ጭስ ውስጡን ያሞቃል፣ ቀርከሃውንም ከነቀዝ ይጠብቃል። እሳት የማይነድበት የዶርዜ ቤት ከሥሩ በሲሚንቶ ቢታጠርም ከላይ ይበላል። ከዚያ ባለሎጁ ጣሪያው ለምን ዱቄት እንደሚያራግፍ ሠራተኛውን ይቆጣል።