ፕሌይስቴሽን 5 ለምን ገዘፈ?

ፕሌይስቴሽን 5 በኖቬምበር 2020 ገበያ ላይ ሲውል ሰው ሁሉ የተሳለቀው በመጠኑ ነበር። የመጀመሪያው ሞዴል ቁመቱ 39 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ነው። ሲያቆሙት ከቴሌቪዥኑ ጋር ይፎካከራል፤ ሲያስተኙት መደርደሪያውን ይሞላዋል። ዛሬም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እንግዳ “ይሄ ሁሉ ምን ያደርግለታል?” ማለቱ አይቀርም። ማሽኑን ቤቴ አስገብቼ አዘውትሬ ከተጫወትኩበት በኋላ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ትልቁ ሙያው ያለው ሰዎች በሚስቁበት በዚያው ግዝፈቱ ላይ መሆኑን ነው። ስለ ምስሉ ጥራት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ማቀዝቀዣው ግን የሚያወራ አልገጠመኝም።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል፣ በጆይስቲክ ይታዘዛል፣ ጨዋታውን ከዲስክ ወይም ከኢንተርኔት ይጭናል። በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ፋንታ ኤስኤስዲ ገብቶለታል። የመጀመሪያው ሞዴል 825 ጊጋባይት ይላል እንጂ ለተጠቃሚው የሚተርፈው 667 ያህል ነው። በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ስለሚያነብ፣ ጨዋታ እስኪከፈት ቡና ይፈላበት የነበረው ጊዜ ቀርቷል። በፕሌይስቴሽን 4 ዘመን የ“ስፓይደርማን” ሠሪዎች የሃርድ ዲስኩ መርፌ ሩቅ እንዳይሄድ ብለው እንደ መንገድ ዳር የፖስታ ሣጥን ያለውን ተራ ዕቃ 400 ጊዜ ያህል ደጋግመው ዲስኩ ላይ ይጽፉት ነበር። አሁን አንዴ መጻፍ ይበቃል። ፍጥነቱን ግን ሁሉም ስለሚያመሰግነው እኔ ልለፈው።

ወደ ማቀዝቀዣው ልመለስ። የመሣሪያው ዋና አርክቴክት ማርክ ሰርኒ በማርች 2020 ለጨዋታ ሠሪዎች ባቀረበው ገለጻ ላይ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ አንድ ነገር አስረድቶ ነበር። በቀድሞዎቹ ፕሌይስቴሽኖች የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ቋሚ ነው፤ የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን እንደ ጨዋታው ይለዋወጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ገና ያልተሠሩ ጨዋታዎች ከዓመታት በኋላ ምን ያህል ኃይል እንደሚበሉ ገምተው፣ ማቀዝቀዣውን በግምታቸው ልክ ይሠራሉ። ግምቱ ካነሰ ፋኑ ይጮሃል። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ የነበረው ሰው ያንን ጩኸት አይረሳውም፤ ከጎን ቁጭ ብሎ ጋዜጣ የሚያነብ አባት “ያንን ነገር አጥፋልኝ!” የሚልበት ጩኸት ነበር።

የሚገርመው ደግሞ ማሽኑ የሚግለው ሁልጊዜ በጦርነትና በፍንዳታ መሃል አለመሆኑ ነው። ሰርኒ ምሳሌ ያደረገው የ“ሆራይዘን ዜሮ ዶውን”ን ካርታ ነው። ተጫዋቹ ጨዋታውን ገትቶ ካርታውን ሲከፍት፣ ሥዕሉ ቀላል ስለሆነ ማሽኑ የሚያርፍ ይመስላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሥዕሉ ሲቀል ሥራውን የሚያዘገይበት ነገር ስለሌለ ያለ ፋታ ይሮጣል፤ ሲሮጥም ይግላል። እኔም ካርታ ከፍቼ ሻይ ላመጣ ስነሣ ፋኑ የሚነሣው ለምን እንደነበረ የገባኝ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

በፕሌይስቴሽን 5 ነገሩን ገለበጡት። ለሚበላው ኃይል ጣሪያ ተበጀለትና ፍጥነቱ ከዚያ ጣሪያ ሥር ከፍ ዝቅ እንዲል ተደረገ። የምስል ፕሮሰሰሩ እስከ 2.23፣ ዋናው ፕሮሰሰር እስከ 3.5 ጊጋኸርዝ ይሮጣሉ፤ ሥራው ሲበረታ ጥቂት ይቀንሳሉ። ማቀዝቀዣ የሚሠራው መሐንዲስ ከእንግዲህ አይገምትም፤ የሙቀቱን ጫፍ ስለሚያውቀው ለዚያ የሚበቃ ነገር ይሠራል። የሚበቃው ነገር ትልቅ ሆኖ ተገኘ፤ ሣጥኑም በዚያው ልክ ገዘፈ።

“ሲግል እንደ ስልክ ይንቀረፈፋል” የሚሉ አሉ። አይንቀረፈፍም። ፍጥነቱን የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ዓይነት ነው፤ የክፍሉ ሙቀት አይገባበትም። ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ቀትር ሸሚዙን አውልቆ የሚጫወተውና ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የሚጫወተው ሰው ጨዋታው እኩል ነው የሚሄድላቸው። ልዩነቱ የፋኑ ድካም ላይ ነው። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ማሽኑ ያስጠነቅቅና ይጠፋል።

ፋኑ 120 ሚሊ ሜትር ስፋትና 45 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ከሁለቱም ጎን አየር ስቦ በጀርባ በኩል ያስወጣል። ትልቅ ፋን በዝግታ እየዞረ፣ ትንሹ በጩኸት የሚገፋውን ያህል አየር ይገፋል። በፕሮሰሰሩና ሙቀቱን በሚቀበለው ብረት መካከል ደግሞ ጠጋኞች “ፔስት” በሚሉት ቅባት ፋንታ ፈሳሽ ብረት አለ። ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ካመለጠ ቦርዱን ሊያጠፋው ይችላል። ሶኒ በኦክቶበር 2020 ማሽኑን ፈትቶ ባሳየበት ቪዲዮ ላይ መሐንዲሱ ያሱሂሮ ኦቶሪ፣ ለዚህ አሠራር ከሁለት ዓመት በላይ መዘጋጀታቸውን ተናግሯል። ስለዚህ አንድ ጠጋኝ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብሎ “ፔስቱን በአሥር ደቂቃ ልቀይርልህ” ቢላችሁ ማሽናችሁን ታቅፋችሁ ውጡ። አንድ ጥገና ቤት ውስጥ የተኛ ማሽን አይቻለሁ፤ ቀድሞ የከፈተው ሰው ፈሳሹን ጠርጎ ተራ ቅባት ቀብቶበት ነበር። “ቆሞ ከተቀመጠ ፈሳሹ ይንጠባጠባል” የሚባለውንም ብዙ አትስሙት፤ ማሽኑ ቆሞም ተኝቶም እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። መውደቅና መከፈት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። “ብርድ አገር ስለሆንን ማሽኑ አይግልም” የሚል አዲስ አበቤ ሒሳቡን በግማሽ ነው የሠራው፤ ብርዱ የሚሰጠውን የአየሩ መሳሳት መልሶ ይወስድበታል። ያ የሚሳቅበት ትልቅ ፋን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ዳንቴል እናለብሰዋለን። አክስቴ ቤት ለበዓል ሄጄ ማሽኑን ቡፌው ላይ አየሁት፤ ከላይ እስከ ታች በነጭ ዳንቴል ተሸፍኗል፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል፣ ልጆቹም እንደተሸፈነ ይጫወቱበታል። “እቴቴ፣ ይሄ ነገር እኮ ይታፈናል” አልኳቸው። “አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው እንጂ ልጄ፤ ስንት ብር ወጥቶበት!” አሉኝ። አሳቢነታቸው ደስ ይላል፤ ግን ዳገት የሚወጣን ሰው አፍና አፍንጫ በነጠላ እንደ መጠምጠም ነው። ሲጠፋ ይልበስ፤ ሲሠራ ይገለጥ።

ጌም ቤቶች ደግሞ ከአክስቴ ይብሳሉ። ሌባ እንዳይወስደው ብለው ማሽኑን ቁልፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ይከቱታል። መገናኛ አካባቢ አንዱ ባለቤት ሣጥኑን ከፍቶ ሲያሳየኝ የወጣው ወላፈን ፊቴን መታኝ። ማሽኑ ያስወጣውን ትኩስ አየር ራሱ መልሶ ይስበው ነበር። “ከጀርባው ቀዳዳ ብታበጅለትስ?” ብለው “ወንድሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል፣ ምንም አልሆነ” አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስከዚያ ቀን ምንም አልሆነም። ያ ደግሞ የሱ ጥበቃ ሳይሆን የፋኑ ጉልበት ነው።

አቧራውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ሞዴል ነጮቹ ሁለት የጎን ክዳኖች ያለ ካቻቢቴ በእጅ ይነሣሉ። ከሥራቸው ፋኑ ከሚስበው አየር ላይ አቧራ የሚያጠምዱ ሁለት ቀዳዳዎች ተሠርተዋል፤ ቫኪዩም ደቅኖ መሳብ ይቻላል። ይህን ያህል ለባለቤቱ የታሰበለት ነገር ከቤት ዕቃ መካከል ብዙ አላውቅም። ይህ እያለ ግን ማሽኑን ጎሚስታ ጋ ወስዶ በኮምፕረሰር የሚያስነፋ ሰው አለ! የጎማ መንፊያ አየር ውስጥ ውሃም ዘይትም ይኖራል፤ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክረዋል። እባካችሁ ተዉ።

ከማሽኑ ጋር በነፃ ተጭኖ የሚመጣ “አስትሮስ ፕሌይሩም” የሚባል ጨዋታ አለ። አንዲት ትንሽ ሮቦት በማሽኑ ውስጥ በሚገኙ አራት ዓለማት ትዞራለች፤ አንዱ የሜሞሪው፣ አንዱ የኤስኤስዲው፣ አንዱ የምስል ፕሮሰሰሩ ነው፤ አራተኛው ደግሞ ውሃና አሸዋ ያለበት የማቀዝቀዣው ዓለም ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለማቀዝቀዣው አንድ ሙሉ ዓለም ሰጥተውታል። ጌም ቤት ውስጥ ይህን ጨዋታ የከፈተ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም “ፊፋ” ነው፣ ከ2023 ጀምሮ ስሙ ተቀይሮም እንኳ። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጆይስቲኩ ምን እንደሚችል የሚያሳየው ይኸው ጨዋታ ነው። ሮቦቷ በአሸዋ ላይ ስትሄድና በመስታወት ላይ ስትሄድ መዳፍ ላይ የሚሰማው ንዝረት ይለያያል፤ የኋላ ቁልፎቹም እንደ ሥራው ይጠነክራሉ፣ ይላላሉ። የጆይስቲኩ ድክመት በአውራ ጣት የሚገፋው ምርኩዙ ነው። ከጊዜ በኋላ ሳይነኩት በራሱ መሄድ ይጀምራል። ጎል ሲገባበት ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ የሚወረውር ልጅ ደግሞ ቀኑን ያፋጥንለታል።

መብራት ለሚጠፋበት ቤት አንድ ማሳሰቢያ፦ ብርቱካናማ መብራት ሲበራ ማሽኑ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ጨዋታውን በሜሞሪው ይዞ ማንቀላፋቱ ነው። በዚያ ሰዓት ዲቫይደሩን መንቀል በሥራ ላይ እያለ ከመንቀል ብዙ አይለይም። ቀጥሎ ሲበራ “በትክክል አልተዘጋም” ብሎ የሚወቅሳችሁና ማከማቻውን መፈተሽ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ስትጨርሱ ከምናሌው ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ዲስክ የሚቀበለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ በሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች አካውንት የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ነው፤ ክፍያውም በስጦታ ካርድ ይሆናል። ዲስክ ግን ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ለጓደኛ ይዋሳል። በ2023 የወጣው ቀጠን ያለው ሞዴል የዲስክ ማንበቢያው ይነቀላል፤ ለብቻው ገዝቶ የሚገጥም ሰው መጀመሪያ ላይ ለማስመዝገብ ኢንተርኔት እንደሚጠየቅ ይወቅ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ከባድ ጨዋታ አስከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫውቱት፤ ቴሌቪዥኑንም ድምፁን አጥፉና ፋኑን አዳምጡ። ከዚያ ማሽኑን አስጠፍታችሁ የጎን ክዳኑን ራሳችሁ አንሡ። አቧራው ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ካገኛችሁት ሻጩ “በጥንቃቄ የተያዘ ነው” ያለውን ትታችሁ፣ ብሎኖቹ በካቻቢቴ ተፍቀው እንደሆነ ተመልከቱ። ተፍቀው ከሆነ ማሽኑ ተከፍቷል ማለት ነውና አትግዙ።