በጎርደን ሥዕል ውስጥ ያለው ጂባ

የካርቱምን መውደቅ ለአውሮፓ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሳለለት አንድ ሥዕል ነው። ደብሊን የተወለደው ጆርጅ ዊሊያም ጆይ እ.ኤ.አ. በ1893 ሠራው፤ ዋናው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ይገኛል። ብዙ ሰው ያወቀው ግን በሕትመት ተባዝቶ ነው። የሚያሳየውም እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1885 የሱዳኑ ማህዲ ሠራዊት ከተማይቱን ሰብሮ ሲገባ ከተማይቱን ይከላከል የነበረው እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጎርደን የሞተበትን ቅጽበት ነው።

ጎርደን ጥቁር የመኮንን ልብስ ለብሶ፣ ቀይ ታርቡሽ ደፍቶ ከደረጃው አናት ላይ ቆሟል። ድርቡሾቹ፣ ማለትም የማህዲው ተዋጊዎች፣ ከታች ናቸው። ሥዕሉን ሲያዩ ፊቶቹን ለጊዜው ትቶ መስመሮቹን መከተል ይበጃል። ደረጃው ሽቅብ ይወጣል፣ ጦሮቹም ወደዚያው ያነጣጥራሉ፤ ዓይን ከየትም ቢነሣ የሚያርፈው ጎርደን ላይ ነው። እሱ ብቻውን ቀጥ ብሏል። ከታች ያሉት አዘንብለዋል፣ ተደራርበዋል፣ የአንዱ ክንድ ከሌላው ትከሻ ጋር ተቀላቅሏል። እርጋታው ለአንዱ፣ ጥድፊያው ለብዙዎቹ ተሰጠ። ጎርደን እየተኮሰ፣ እየተዋጋ ሞተ የሚል ምስክርነትም አለ፤ ሠዓሊው ግን የመረጠው ዝም ብሎ የሚጠብቀውን ሰው ነው። ፍርዱን በመስመር ብቻ ሰጥቷል።

እኔ ግን ከሥዕሉ ግርጌ ላይ ነው የምቆየው። እዚያ ያለው ነጭ፣ የተጣጣፈ ልብስ ጂባ ይባላል። ሙሐመድ አሕመድ፣ ማለትም ማህዲው፣ ተከታዮቹን ያለበሳቸው ነው። መነሻው የሱፊዎች ድህነት ነው፤ የእኛ መናኝ ድሪቶ እንደሚለብሰው ሁሉ፣ እነሱም ዓለምን መናቃቸውን በእራፊ አሳዩ። ቆይቶ ግን እራፊው ቀዳዳ መድፈኑን ትቶ ጌጥና የሠራዊት መለያ ሆነ። በእጅ በተሸመነ ነጭ ጥጥ ላይ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር አራት ማዕዘኖች በሥርዓት ተሰፉ፤ በግራ ያለው በቀኝ ይደገማል። ከታች ሰፋ የሚለው ቅርጹ ለሚሮጥም ለሚጋልብም ይመቻል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ልብስ ረጋ ብሎ ማየት ቀላል አይደለም። በ1880 ጎንደርን ያቃጠሉት፣ በመጋቢት 1881 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁባቸው እነዚሁ ድርቡሾች ናቸው። ጎርደንም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1872 በግብፁ ገዥ ተልኮ ደብረ ታቦር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኝቷል። ቂሙም ታሪኩም የራሳችን ነው። ቢሆንም ጂባውን የሰፋው እጅ የተካነ እንደነበር መካድ አይቻልም።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሠዓሊው ከተዋጊዎቹ አንዳንዶቹን በጀርባና በጎን በኩል ስላሳየ ፊታቸው ይጠፋብናል። የብዙ ጂባዎች እራፊ ግን ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ጀርባው የልብሱን አሠራር አይደብቅም። ሕትመቱን የያዘ ሰው እራፊዎቹን ከእውነተኛ ጂባ ጋር ቢያስተያይ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. በ1898 ድርቡሾቹ ድል ከሆኑበት ከከረሪ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች ብዙ ጂባ ሰብስበው ስለወሰዱ፣ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየሞች ተዘርግቶ ይታያል። ኦምዱርማን የሚገኘው የማህዲው ተተኪ የከሊፋው ቤትም እ.ኤ.አ. በ1928 ሙዚየም ሆኖ የዚያን ዘመን ዕቃዎች ሲያሳይ ቆይቷል።