መሸሸግ ሌላ፣ ማስዋብ ሌላ

አንዲት የወለቃ ሸክላ ሠሪ ሳል ጠንቶባት ጎንደር ሆስፒታል ሄደች እንበል። ሐኪሟ ለሙያ ባልደረቦቹ ትምህርት ይሆናል ብሎ ሕመሟን ሊጽፍ አሰበ። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። «ጀበና የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት፣ የአራት ልጆች እናት» ከተባለ ጎረቤት ሁሉ ያውቃታል። ስለዚህ የሚለወጥ ነገር አለ። ግን የቱ?

ጥጥ ፈታይ ቢያደርጋት ምስጢሯ ይጠበቃል፤ ሕክምናው ግን ይበላሻል። ሳሏን ያመጣው ሸክላ ሲተኮስ የምትስበው ጭስ ከሆነ፣ አንባቢው በከንቱ የጥጥ ብናኝን ይከሳል። «ጎንደር አካባቢ የምትኖር ሸክላ ሠሪ» ብሎ የመንደሯን ስምና የልጆቿን ቁጥር ቢተው ግን የሚጎድል ነገር የለም። የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ማንነት ለመሸሸግ የተደረገ ለውጥ ሳይንሱን እንዳያዛባ።

ማስዋብ ከዚህ ይለያል። «ቡዳ በላት ተብላ መጣች» የሚል አንድ መስመር ታሪኩን ያሞቀዋል። እሷ ካላለችው ግን፣ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ለዘመናት የተገለሉበትን ስም ሐኪሙ በገዛ እጁ መልሶ መለጠፉ ነው። መሸሸግ ታካሚዋን ይጠቅማል፤ ማስዋብ ጸሐፊውን።

ጎንደር ይህን ዓይነት ጸሐፊ ታውቃለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የተማረ ሐኪም ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1770 ቁስቋም ላይ ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አከመ፤ በርና መስኮት አስከፍቶ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ። የጉዞ መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ፣ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ሲበሉ አየሁ በማለቱ ለንደን ተሳለቀችበት። ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ ግን የጎንደር ሕፃንም ያውቃል። ሐሰቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ግሽ ዓባይ ድረስ አብሮት የዘለቀውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒን ከጉዞው አስቀድሞ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። ያጋለጠው የባሉጋኒ የራሱ ማስታወሻ ነው።

እንግዲህ አስገራሚነት የውሸት ምልክት አይደለም፤ ለጆሮ መጣሙም የእውነት ማስረጃ አይሆንም። የሚዳኙት በጊዜው የተጻፈው መዝገብና ራሷ ታካሚዋ ናቸው። ሐኪሙ ከማሳተሙ በፊት ጽሑፉን በአማርኛ ያንብብላት፤ «ይህን አላልኩም» ካለች ይሰርዘው።