ትልቅ ጠመንጃ ብቻውን ጎሽ አይጥልም

የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጄ የቤት ሥራውን ጨርሶ ሲያሳየኝ «ጎሽ!» አልኩት። ሳቀና «አባባ፣ እኔ ጎሽ ነኝ እንዴ?» አለኝ። በዚያው እውነተኛ ጎሽ አይቼ እንደማውቅ ጠየቀኝ። ቀጥሎም እሑድ እሑድ ቡና ሊጠጣ የሚመጣው ወዳጄ ለምን እንደሚያነክስ ጠየቀኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች መልሳቸው አንድ መሆኑን ልጁ አያውቅም።

በጎልማሳነቴ በኦሞ ሸለቆ ፈቃድ ይዘው ለሚመጡ የውጭ አገር አዳኞች መንገድ እመራ ነበር። ወዳጄ ደግሞ ዱካ ፈላጊያችን ነበር። አዳኞቹ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ለጎሽ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል እያሉ ይከራከራሉ። ብዙዎቹ የሚይዙት እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣውን .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው። የአረሩ ውፍረት 9.5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ 19 ግራም ገደማ ነው። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ለጎሽ ከዚህ ያነሰ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው .458 ዊንቸስተር ማግነም ደግሞ 32 ግራም የሚመዝን አረር ይተኩሳል። ኃይሉ ትልቅ ነው፤ ግን ሰደፉ የተኳሹን ትከሻ ክፉኛ ይመታል።

ያን ቀን የመጣው አዳኝ የያዘው ትልቁን ነበር። ኢላማ ሲለማመድ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት። እንግዳ ነው፣ ላሳፍረው አልፈለግሁምና ዝም አልኩ።

ጎሹን 70 ሜትር ያህል ርቀት ላይ አገኘነው። የጎሽ ልብ ደረቱ ውስጥ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ነው የሚገኘው። ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ይዞ ወደ ላይ፣ ከአካሉ ቁመት አንድ ሦስተኛው ላይ ማነጣጠር ነው። ትንሽ ከፍ ቢል እንኳ ሳንባ ያገኛል። ገደድ ብሎ ከቆመ ግን አረሩ ወደ ማዶኛው የፊት እግር እንዲያልፍ አስልቶ መተኮስ ያስፈልጋል። ያ ጎሽ የቆመው ገደድ ብሎ ነበር። እስኪዞር መጠበቅ ነበረብን። አዳኙ ዞር ብሎ ሲያየኝ ግን በዓይኔ «ተኩስ» አልኩት።

አረሩ ሆዱን መታው። ሆዱን የተመታ ጎሽ ቶሎ አይሞትም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀን ደሙን ተከተልን፤ የቆሰለ አውሬ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፣ ነገ ከብት ጠባቂ ልጅ ሊያገኘው ይችላል። ጎሹ ግን ዞሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ በመጣበት መንገድ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቀን ነበር። ፊት ፊት የሚሄደውን ወዳጄን ጭኑን ወግቶ አነሳው። በያዝኩት አሮጌ .375 ከአምስት እርምጃ ርቀት ተኩሼ ጣልኩት። የወዳጄ ነፍስ ተረፈች፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነም።

ስንት ዓመት አብረን ቡና ስንጠጣ ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነግሬው አላውቅም። ባለፈው እሑድ ልጁ ባለበት ነገርኩት። ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠና «አውቃለሁ፤ ያኔ አይቼህ ነበር» አለኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ጠየቀ።

ልጆች የጀግንነት ታሪክ ሲጠይቁን የጣልነውን ብቻ እንነግራቸዋለን። ዝም ያልንበትንም ብንነግራቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል።