የጦስኝ ዘይት በዶሮ መኖ ውስጥ ያዋጣ ይሆን?

የሥጋ ዶሮ አርቢ ከሚያወጣው እያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ ከ60 እስከ 70 ብር የሚሆነውን የሚበላው መኖ ነው። በመሆኑም መኖ ይቆጥባል የተባለ ነገር ሁሉ በቢሾፍቱም ሆነ በአዲስ አበባ ዙሪያ ገዢ አያጣም። በዓለም የመኖ ገበያ በዚህ ስም ከሚሸጡት ሸቀጦች አንዱ ከጦስኝ፣ ከኦሬጋኖ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ በእንፋሎት የሚነጠረው የመዓዛ ዘይት ነው።

ዘይቱ ገበያ ያገኘው በራሱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪው በሕግ ከገበያ ስለወጣለትም ጭምር ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኦሪዮማይሲን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በትንሽ መጠን መኖ ውስጥ ሲገባ ጫጩት ቶሎ እንደሚያድግ ደረሱበት። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጤነኛ ዶሮ መድኃኒት ሲበላ ኖረ። መድኃኒቱን የለመዱ ተሕዋስያን ለሰው ሕክምና ሥጋት ሲሆኑ ግን ስዊድን በ1986 ለዕድገት ማፋጠኛነት መጠቀሙን አገደች። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2006፣ ቻይና ከ2020 ጀምሮ ተከተሉ። አሜሪካም ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆኑት መድኃኒቶች ለዚህ ተግባር እንዳይውሉ በ2017 ከለከለች። የመኖ ፋብሪካዎችም ምትክ ፍለጋ ወጡ።

በጦስኝና በኦሬጋኖ ዘይት ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የባክቴሪያን ሽፋን ያፈርሳሉ፤ የምግብ መፍጫ ፈሳሾችም በብዛት እንዲመነጩ ይረዳሉ። ነገር ግን የሙከራዎቹ ውጤት ወጥ አይደለም። አንዱ ጋ ዶሮው መኖውን በሚገባ ወደ ሥጋ ሲለውጥ፣ ሌላው ጋ ምንም ለውጥ አይታይም። ንጹሕ ቤትና ጥሩ መኖ ያለው ዶሮ ከእንዲህ ያለ ተጨማሪ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ተጨናንቆ የሚያድገው መንጋ የተሻለ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ግን ጉዝጓዙን በመቀየርም የሚገኝ ለውጥ ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ

ነጋዴውን የሚመለከተው ቁጥሩ ነውና በምሳሌ እንየው። አንድ አርቢ 10 ሺህ ዶሮ እያንዳንዱን 2 ኪሎ አድርሶ ይሸጣል እንበል። ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.80 ኪሎ መኖ የሚፈጅ ከሆነ ጠቅላላ ፍጆታው 360 ኩንታል ነው። ዘይቱ ይህን ወደ 1.75 ካወረደለት 350 ኩንታል ይበቃዋል። 10 ኩንታል ተረፈ ማለት ነው። ዘይቱ የሚደባለቀው ግን ከ350ው ኩንታል ጋር ስለሆነ፣ ለአንድ ኩንታል የሚወጣበት ወጪ ከ2.86 ኪሎ መኖ ዋጋ ካለፈ አርቢው ከሰረ። ውጤቱ አነስ ብሎ 1.78 ላይ ከቆመ ደግሞ የተረፈው 4 ኩንታል ብቻ በመሆኑ፣ የወጪው ጣሪያ ወደ አንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ገደማ ይወርዳል።

ከዚህ አንጻር ደላላ «ሊትሩ ይህን ያህል ነው» ብሎ ሲጀምር ገዢው ማስቆም ያለበት እዚያው ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት ለአንድ ኩንታል መኖ ስንት እንደሚወጣ ነው። የደረቀ ጦስኝ ፈጭቶ በኩንታል አንድ ኪሎ መጨመርም በዚሁ ስሌት ይወድቃል፤ የአንድ ኪሎ ጦስኝ ዋጋ ከአንድ ኪሎ መኖ ጋር አይቀራረብምና።

የበዓል ገበያ ሌላ ሒሳብ አለው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሥጋ ዶሮ በ42 ቀን ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ለፋሲካ የታሰበ ጫጩት ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቤት መግባት አለበት። መንጋው እኩል ካላደገና ገሚሱ ለበዓሉ ዋዜማ ሳይደርስ ከቀረ፣ በዓል አልፎም መብላቱን ይቀጥላል። አንዳንዱ አርቢ ለተጨማሪ ነገር ገንዘብ የሚያወጣው ሁለት ሦስት ቀን ለማትረፍ ሲል ነው።

ዘይቱ ከየት ይምጣ?

በዓለም ገበያ ኦሬጋኖን በብዛት የምትልከው ቱርክ ናት። ኢትዮጵያም ባዶ እጇን አይደለችም። ጦስኛችን በባሌ፣ በመንዝና በሰሜን ተራሮች የሚበቅል አገር በቀል ተክል ሲሆን፣ ቲሞልና ካርቫክሮል አለው። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከልም በመዓዛማ ዕፅዋት ላይ ይሠራል። 100 ኪሎ የደረቀ ጦስኝ የሚሰጠው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው። በአንድ ቶን መኖ 100 ግራም ዘይት ቢጨመር ለ350ው ኩንታል 3.5 ኪሎ ዘይት ያስፈልጋል፤ ይህም ከ175 እስከ 350 ኪሎ የደረቀ ቅጠል ነው። ለአንድ ዙር ብቻ መሆኑ ልብ ይባል።

ጦስኝ ግን በአብዛኛው ከዱር የሚለቀም ነው። ከነሥሩ ተነቅሎ ገበያ የሚወጣውም ብዙ ነው፤ የመኖ ፋብሪካ ፍላጎት ሲጨመርበት ተራራው መራቆቱ አይቀርም። በዚያ ላይ የዘይቱ ይዘት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ቲሞል ሲበዛበት ሌላው ካርቫክሮል ያይላል። ፋብሪካ ደግሞ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ዕቃ ነው የሚፈልገው። በዚህ ረገድ ነጭ አዝሙድ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል። ዘሩ ቲሞል በብዛት አለው፤ ገበሬው ማሳ ላይ ያመርተዋል፤ የቅመም ነጋዴውም መንገዱን ያውቀዋል።

የቀረው የማምረቻ ጣጣ ነው። የመዓዛ ዘይት ተናኝ በመሆኑ መኖ በእንፋሎት ሞቆ ወደ ፍሬነት ሲጨመቅ በከፊል በንኖ ይጠፋል። ያልጠፋውም በላይኛው የአንጀት ክፍል ቶሎ ስለሚመጠጥ ተሕዋስያኑ ወደሚበዙበት የታችኛው ክፍል በቂ መጠን አይደርስም። የውጭዎቹ አምራቾች ዘይቱን በስብ ወይም በሌላ ነገር ሸፍነው የሚሸጡት በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ዋጋውን የሚያስወድደውም አንዱ ይህ ሽፋን ነው። አገር ውስጥ ዘይት ማንጠር የሚያስብ ባለሀብት ከማንጠሪያው ጋሻ ጎን የመሸፈኛውንም ወጪ በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል፤ አለዚያ ደንበኛው መኖውን ሳይጨምቅ በዱቄትነቱ የሚያቀርበው አነስተኛ ደባላቂ ብቻ ይሆናል።